ልጄ መታችኝ ያልሁ ዕለት

ይኸን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን እየነገርሁ፣ ይቺን ግን እየዘለልሁ ዓመታት አለፉ። የተማርሁት ትንሽ ነው፣ ጽሕፈቴም አያምር። ብቻ የምታነቡ ስሙኝ፤ እኔ በልጄ ላይ ዋሽቻለሁ።

ዝናሽ አንድ ልጄ ናት። ከገጠሩ፣ ከዝቋላ ወረዳ፣ ድርቁ ነቅሎን ሰቆጣ ከተማ ገባን፤ አባቷ ካረፈ ወዲያ እኔና እሷ ብቻ ቀረን። አሥረኛ ክፍል ስትደርስ ካራቴ ጀመረች። ከትምህርት በኋላ በሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ አንድ ወጣት ያሠለጥናቸዋል፤ ማስተር ይሉታል። ጊዜው ገና የጦርነቱ ማግስት ነበር። እኔ ያየሁትን አይቻለሁ፤ እምቢ ያለች ሴት ምን እንደምትሆን አውቃለሁ። ልጄ እጇን ካነሳች ይገድሏታል፣ ከፈራች ግን ትተርፋለች አልሁ። ከፍርሃት ሌላ ምን የማወርሳት ነበረኝ?

እሷ ልታስረዳኝ ትደክም ነበር። «ቀድሞ መምታት ክልክል ነው፣ እማ» ትለኛለች። «ስንገባም ስንወጣም እጅ እንነሳለን፤ መጀመሪያ የምንማረው መከላከል ነው፤ ውጭ ሰው የመታ ይባረራል።» እኔ ምኑን ሰማሁ? «ይባረራል» የምትለዋን ብቻ።

አንድ ቀን ነጠላዬን ተከናንቤ አዳራሹ ሄድሁ። ልጆቹ ተሰልፈው ቆመዋል። እኔ፣ እናቷ፣ በሁሉም ፊት ልጄ መታችኝ አልሁ። እንጨት ስሸከም የበለዘ ክንዴንም ገልጬ አሳየሁ።

ማስተር ደነገጠ። «ዝናሽ፣ እናትሽን መትተሻል?» አላት።

አየችኝ። አልመታሁም ብትል እናቷ በሰው ፊት ውሸታም ልትሆን ነው። አንገቷን ደፋች። ቀበቶዋን ፈትታ፣ አጥፋ፣ በሁለት እጇ ሰጠችው። ለእሱ እጅ ነሳች፤ ዞር ብላ ለእኔም እጅ ነሳች፤ ወጣች።

ቤት ስገባ እራት አቅርባ ጠበቀችኝ። ነገሩን አንስታብኝ አታውቅም። ምነው በጮኸችብኝ? በሰፈሩ ግን እናቷን የመታች ተባለች፤ ጓደኞቿ ሸሿት። ትምህርቷን ሳትጨርስ ዓረብ አገር ሄደች። ማን ሰደዳት? እኔ።

ማስተር መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቆም ብሎ፣ አሁንስ እንዴት ነዎት እናቴ፣ ይለኛል እያዘነልኝ። እኔም ተመስገን እላለሁ። ሐዘኔታውን እንኳ ሰርቄ እኖራለሁ።

በቀደም ደወለች። አሠሪዋ በጥፊ መትታታለች። አንቺስ ምን አደረግሽ አልኋት።

«ፊቴን ጋረድሁ እንጂ አልነካኋትም» አለች። «እኔ ሰው መትቼ አውቃለሁ፣ እማ?»

አታውቂም ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። ካርድሽ እንዳያልቅ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ፈርቼ ነው አልላችሁም። ፍርሃቱማ አሁንም አለ፤ በሬን ዘግቼ ብቻዬን ስቀመጥ ያቺ አሠሪዋ እጇን ስታነሳባት ነው የሚታየኝ። የፈራች እናት ሁሉ ግን በልጇ አትዋሽም። ይቅርታም እናንተን አልለምንም፤ የዋሸሁ በእነዚያ ልጆችና በማስተር ፊት ነው። አዳራሹ ከደጄ ሲቆሙ ይታያል። እስከ ዛሬ አልሄድሁም።