የደጋኑ ወፍጮ ድርሻ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሀያት ከኮምቦልቻ መጣች። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤቴ ገብታ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኳን ዓይኔ ሥር ደቀነችው። «እማ፣ አክሲዮን ልገዛ ነው። ዋጋው በየሳምንቱ እየጨመረ ነው፤ መሥሪያ ቤታችን ያልገዛ ሰው የለም» አለችኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ። ሽቅብ የሚወጣውን አረንጓዴ መስመር አየሁ። ተቀመጥኩ።

ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ኮምቦልቻ፣ በእናቴ ወንድም በጋሼ እንድሪስ መጋዘን እህል አበጥር ነበር። ከደመወዜ ላይ እቁብ እጥላለሁ። ሐሳቤ አንድ ነበር፤ ኩታበር ያለውን የእናቴን ቤት ቆርቆሮ ማልበስ። የክዳኑ ሣር በስብሶ ክረምት በመጣ ቁጥር መደቧ ላይ ያፈስባታል። ግንቦት ላይ እቁቡ ወጣልኝ።

በዚያው ሳምንት ገና ሊቋቋም ላለ የዘይት ፋብሪካ አክሲዮን የሚሸጡ ሰዎች መጡ። ሽማግሌዎች ተጠሩ፣ ዱዓ ተደረገ፣ መዳፋችንን ዘርግተን «አሚን» አልን። እኛ ዘንድ ያለ ዱዓ መንገድም አይጀመርም፣ ሙሽራም አትወጣም። እኔ ግን ሽማግሌዎቹ የመረቁትን ነገር መርምረውታል ብዬ አመንኩ። የእቁብ ጓደኞቼም እንደኔው። ብሩ በዓመቱ እጥፍ ሆኖ ይመጣል፣ ያኔ ክዳኑን ብቻ ሳይሆን ቤቱን አሠራላታለሁ አልኩ።

ለጋሼ ስነግራቸው አልተቆጡም። «ነገ ደጋን እሄዳለሁ፤ አብረሽኝ ነይ» አሉኝ።

ደጋን ላይ አምስት ሰዎች በጋራ የያዙት ወፍጮ ነበር፤ አንደኛው ድርሻውን ሊሸጥ ፈልጓል። ጋሼ ግን መጀመሪያ ወደ ሻጩ አልሄዱም። ከወፍጮው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ተቀመጥን፤ ከሰዓት በኋላም እዚያው ነን። ሙቀቱ ያዝላል፣ የናፍጣው ሽታ ከሻዩ ጋር ጉሮሮ ይገባል። ጋሼ እህል ጭኖ የሚመጣውን አህያ ይቆጥራሉ። የሚወጡትን ሴቶች ዱቄቱን በጣታቸው እየፈተጉ «ለምን እዚህ ታስፈጫላችሁ?» ይሏቸዋል። ናፍጣ ሻጩን ሳይቀር ወፍጮው ዕዳ ይኖርበት እንደሆነ ጠየቁት።

«ጋሼ፣ ዋጋውን መጠየቅ አይቀልም?» አልኳቸው ሰልችቶኝ።

«ዋጋውንማ ሻጩ ይነግረኛል። ስንት እንደሚያወጣ ማወቅ ያለብኝ ግን እኔ ነኝ።»

«የዘይት ፋብሪካውንስ ምን ይሉታል?»

«አህያውን የት ቆሜ ልቁጠርልሽ?» ብለው ሳቁ።

«ሰው ሁሉ እየገዛ እኮ ነው።»

«ሰው ሁሉ ስለገዛ ዘይት ይወጣዋል እንዴ፣ አንች ልጅ?»

ሻጩ የጠራው ዋጋ ጋሼ ከገመቱት በላይ ሆነ። እሳቸው ከግምታቸውም ዝቅ ያለ ዋጋ ሰጡት፤ «ብሳሳት እንኳ እንዳልጎዳ ነው» አሉኝ። ሻጩ እምቢ አለ፤ ሳንገዛ ተመለስን። እኔ በአውቶቡሱ መስኮት አቧራ እየዋጥኩ፣ ቀኑን ሙሉ አህያ ቆጥሮ ባዶ እጁን የሚገባ ሰው ምን ሊያስተምረኝ ነው አልኩ። በማግስቱ አክሲዮኑን ገዛሁ።

ለፋብሪካው አንድ ድንጋይ አልተጣለም፤ ቢሮውም ተዘጋ። የደጋኑ ሰውዬ ግን መስከረም ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ራሱ መጣ፤ ጋሼ ገዙት።

ያን ክረምት ኩታበር ሄድኩ። እናቴ ፍራሿን ከጥግ ጥግ ትጎትታለች። «እቁቡ አልወጣልሽም?» አለችኝ።

«ገና ነው» አልኳት።

«አብሽሪ፣ ይወጣል» ብላ እኔኑ አጽናናችኝ። በሚቀጥለውም ክረምት ያንኑ አልኳት።

በሦስተኛው ዓመት ጋሼ ከወፍጮው ትርፍ ቆርቆሮውን ገዙላት። እሷ ግን እቁቡ የወጣልኝ መስሏት ጎረቤቶቿን ጠርታ እኔን አስመረቀችኝ። እውነቱን ሳልነግራት ሞተች።

እሑድ ዕለት ይህን ለሀያት ነገርኳት። ሰማችኝና «ይኼኛው እኮ ሥራ ላይ ያለ ኩባንያ ነው፤ ሒሳቡንም በየዓመቱ ያወጣል» አለች።

«በይ አንብቢልኝ» አልኳት። ትርፉን ፈጥና አነበበች። ዕዳው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ቀነሰ፤ «ይኼ አልገባኝም፣ ሰው እጠይቃለሁ» አለች።

ትግዛ አትግዛ አላውቅም፤ ብሩ የገዛ ላቧ ነው። ልጅን ከኪሳራ ሁሉ መጠበቅ እንደማይቻል ካወቅሁ ቆየሁ፤ መጠበቁም አድክሞኛል። በር ድረስ ሸኘኋትና እጇን ያዝኩ።

«የከሰርሽ እንደሁ፣ ባወቅሽው ቀን ንገሪኝ።»

«እማ ደግሞ፣ ሳልገዛው አከሰርሽኝ!» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። «ወላሂ እነግርሻለሁ» እስክትል ድረስ እጇን አልለቀቅኩም።