የቅልጥም አጥንት ብርኩማ

ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፌን ከፍቼ ተንጋልዬ ሳለ፣ ማሽኑ መንጋጋዬን ሲቦረቡር የተነሳው ሽታ፣ ያ የተቃጠለ ጥፍር የሚመስለው የአጥንት ብናኝ ሽታ፣ እንባዬን ዱብ ዱብ አደረገው። ወጣቱ ሐኪም ደንግጦ እጁን ሰበሰበና «አመመዎት እንዴ እናቴ?» አለኝ። ማደንዘዣው ከንፈሬን ስላሰረው ልመልስለት አልቻልኩም፤ ብችልስ፣ የጥርሴ ሽታ አባቴ ለጊታር የሞረደውን የበሬ ቅልጥም አስታወሰኝ ብዬ ብነግረው ወደ ሌላ ሐኪም ሳይልከኝ ይቀራል?

አባቴ ይመር አናጢ ነበር። ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከቤታችን ጀርባ ባስጠጋት ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ በርና መስኮት፣ አልጋና የሙሽራ ሳጥን ይሠራ ነበር፤ ክረምት ክረምት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም በቆርቆሮው ሽንቁር ገብቶ ከእንጨቱ ብናኝ ጋር ሲደባለቅ፣ አባቴ ከወገቡ በላይ ብቻ ያለ ሰው የሚመስልበት ጠዋት ነበር። በወጣትነቱ ኮምቦልቻ አንድ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ለብዙ ዓመታት ሠርቷል፤ ጆሮውንም እዚያ ማሽን ሥር ትቶት እንደመጣ እኛ እናውቃለን፣ እሱ ግን አያምንም። እንደሱ አባባል ችግሩ የዘመኑ ሰው ቃሉን ማኘኩ ነው። እናቴ ዘሀራ ደግሞ ድምጿ ከተፈጥሮው ዝቅ ያለ ስለነበር መጮህ አልሆነላትም፤ ራት ሲደርስ ትከሻውን ነካ ታደርገዋለች፣ እንግዳ ሲመጣ በዓይኗ ወደ በሩ ታመለክተዋለች፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ ሁለቱ ያለ ቃል መኖርን ለመዱ።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ጊታር ያዘኝ። የትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ አንድ ጊታር ብቻ ነበረው፣ እኛ ደግሞ ሠላሳ እንሆናለን፤ ተራዬ ደርሶ ጣቶቼ ቦታቸውን ሲያገኙ ደወሉ ይደወላል። አንድ ቀን ምሬቴን ለአባቴ ነገርኩት፤ «ጊታር!» የምትለውን ቃል እስኪሰማኝ ስደጋግማት ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። መላጊያውን አስቀመጠና «ከእንጨት አይደል የሚሠራው? ልኩን አምጪልኝ» አለ። በማግስቱ የእናቴን የስፌት ሜትር ይዤ ሄጄ የትምህርት ቤቱን ጊታር ከራሱ እስከ እግሩ፣ እንደሚገነዝ ሰው ሁሉ ለካሁት።

ሆዱን ከኮምፔንሳቶ፣ አንገቱን ከዋንዛ ሠራው፤ ጣት የሚያርፍባቸውን ቀጫጭን ብረቶች ከብስክሌት ጎማ ራጂ ሽቦ ቆረጠ። የሙዚቃ አስተማሪያችን አሮጌ ክሮች ሰጡኝ። የቀሩት ክሮቹ ተንተርሰው የሚተኙባቸው ሁለት ቁራጮች ነበሩ፤ አንዱ ሆዱ ላይ፣ አንዱ አንገቱ ጫፍ ላይ። አባቴ ክራር ያውቅ ስለነበር ሁለቱንም ብርኩማ አላቸው፣ የታችኛውና የላይኛው። እኔ ከነገር አልቆጠርኳቸውም ነበር፤ አስተማሪያችን ግን የጊታር ድምፅ በእነሱ በኩል እንደሚያልፍ ነግረውኝ ስለነበር መሞከር ጀመርን። መጀመሪያ የጥርስ ብሩሽ እጀታ ቆርጠን አስገባን፣ ከዚያ ወይራ፣ ከዚያ ደግሞ ከተሰበረ ማበጠሪያ የወጣ ቀንድ። በየመሀሉ ክሩን እመታና «አሁንስ?» እለዋለሁ። እሱም ራሱን ዘንበል አድርጎ «ይሄ ይበልጣል» ይለኛል። ብሩሹም በለጠ፣ ወይራውም በለጠ፣ ቀንዱም በለጠ። ጠረጠርኩ። አራተኛ ላይ ጣቴን ከክሩ በላይ በባዶ አየር አሳለፍኩና «አሁንስ?» አልኩት። ትንሽ አሰበ።

«ይሄ ይበልጣል» አለ።

ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም። አባቴ ጆሮው ትንሽ ይከብደዋል እንጂ የክሩን ድምፅ ከነጭራሹ እንደማይሰማ አላወቅኩም ነበር፤ ልጄ የምትለኝ ይህን ይሆናል ብሎ የከንፈሬን እንቅስቃሴ እያየ ስንት ዓመት እንደመለሰልኝ ሳስብ፣ በራሴ ተንኮል አፈርኩ። ለማንም ሳልናገር «ለምን የሚያውቅ ሰው አንጠይቅም?» አልኩት። ኮምቦልቻ ውስጥ ከቀንድና ከአጥንት ዋንጫና ማንኪያ የሚሠሩ ጋሼ ሰይድ የሚባሉ የጥንት ወዳጁ ነበሩ፤ ቅዳሜ በሚኒባስ ወረድን። የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዝን ስንወርድ የደሴ ብርድ ከላያችን እንደ ካፖርት ወለቀ፤ ታች ስንደርስ እኔ ሹራቤን ወገቤ ላይ አስሬ ነበር።

ጋሼ ሰይድ ቀንዱን በጥፍራቸው ቧጠጥ አድርገው «ይሄ ለስላሳ ነው፣ ድምፁን ይበላባችኋል፤ የበሬ ቅልጥም ነው የሚሻላችሁ» አሉ። አንድ ነጭ የደረቀ አጥንት አውጥተው ሰጡን፤ በአመድ ውሃ ተቀቅሎ፣ ቅባቱ ወጥቶ፣ ጥላ ላይ ለወራት የከረመ ነበር። አባቴ የሚሉትን ሁሉ እያየ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ግን ቃላቸውን ተቀብዬ ጆሮው ሥር ደገምኩለት። አልተቆጣም። ስንመለስ ሚኒባሱ ዳገቱን ተያይዞት ሳለ ወደ መስኮቱ እያየ ተናገረ።

«ያኔ ጣትሽ ክሩን አልነካውም። አይቻለሁ።»

በዚያ በተጨናነቀ መኪና ውስጥ ጆሮው ላይ ተጠግቼ «ታዲያ ለምን ይበልጣል አልከኝ?» አልኩት።

«አንቺ እንዳይከፋሽ» አለ። ማልቀሴን ሲያይ ጉልበቴን መታ መታ አደረገና «አብሽሪ፣ አንቺ ከሰማሽው ይበቃል» አለኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ አጥንት ሞረደ። የሥራ ክፍሏ በዚያ በተቃጠለ ጥፍር ሽታ ታፈነች፣ እናቴ የታጠበ ልብስ ከደጅ አስገባች፣ የጎረቤት ድመት በሩ ላይ ሰፈረች። ሦስተኛው ቀን ሁለቱም ብርኩማዎች ቦታቸውን ያዙ። እኔ ክሮቹን እቃኛለሁ፤ አባቴ የአናጢ እርሳሱን እንደልማዱ በጥርሱ ነክሶ የታችኛው ብርኩማ መቀመጡን ለማየት ጎንበስ ሲል የእርሳሱ ጫፍ አጥንቱን ነካ። በዚያው ቅጽበት ወፍራሙን ክር መትቼው ነበር። አባቴ ደርቆ ቀረ። ቀና አለና እርሳሱን ከአፉ አወጣ።

«ምን አደረግሽ?»

«ቃኘሁት።»

«ድገሚው» አለና እርሳሱን መልሶ ነክሶ ጎነበሰ። መታሁት። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ፣ እሱ ግን ይስቅ ነበር። ድምፁ በጥርሱ አልፎ ራስ ቅሉ ውስጥ ገብቶለት ነበር። «ሱብሃነላህ» አለ ደጋግሞ፣ «ሱብሃነላህ።» ከዚያ የጣልነውን ሁሉ ከብናኙ ውስጥ ለቅሜ እንዳመጣ አዘዘኝ፤ ክሮቹን እያላላን ብርኩማዎቹን እየቀያየርን ምርጫውን ከሀ ጀመርነው። ብሩሹን «ጉንፋን የያዘው» አለው። ቀንዱን «ጋቢ ተከናንቦ የሚያወራ» አለው። ወይራው ላይ ቆየ፣ «ጨዋ ነው፣ ግን አይወጣለትም» አለ። አጥንቱን መልሰን ስናስገባና ስመታው እጁን ብቻ አነሳ፣ እንዳላቆም።

እናቴ ሳቁ ስቧት መጥታ በር ላይ ቆማለች። አባቴ አያትና ጠራት፤ ጎትቶም ከጎኑ አስቀመጣት። «ዘሀራ፣ እዚች የጊታሩ ቀዳዳ ላይ አፍሽን አስጠግተሽ ተናገሪ።» እናቴ በሻሿ አፏን ሸፍና ሳቀች፣ እምቢ አለች፣ በመጨረሻ ጎነበሰች። ሁለቱ ራሶች አንድ ጊታር ላይ ተደፍተው ግንባር ለግንባር ሊነካኩ ነበር፤ እኔ ፊት እንዲያ ተቀራርበው አይቻቸው አላውቅም። እሱ እርሳሱን ነክሶ ጫፉን አጥንቱ ላይ አሳርፎ ይጠብቃል። እሷ ግራ ገብቷት፣ አፏን ከቀዳዳው ሳታርቅ በዓይኗ ወደ እኔ ዞረችና «ኧረ ምን ልበለው?» አለች።

አባቴ እርሳሱን ከአፉ መንጭቆ «ምን ልበለው አለች!» ብሎ ጮኸ። «ወላሂ፣ ምን ልበለው አለች!»

ከዚያ በኋላ ጊታሩ የእኔ መሆኑ ቀረ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ተይዞ አገኘዋለሁ፤ አርብ ከሰላት በኋላ እናቴ ቀዳዳው ላይ ጎንበስ ብላ መንዙማ ታንጎራጉርለታለች፣ የሰፈሩን ወሬ ትነግረዋለች፣ እሱም እየሳቀ ይመልስላታል። እኔ እንደ ክበቡ ጊዜ ተራዬን እጠብቃለሁ። እንዲያም ሆኖ መጫወት ለመድኩ፤ አድጌ ኮምቦልቻ አስተማሪ ሆኜ ስሄድ ግን ጊታሩን ለእነሱ ትቼላቸው ሄድኩ። አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ሆኜ «በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ» እያልኩ ስንት ሳምንት እንዳሳለፍኩ አሁን ነው የሚቆጨኝ።

አባቴ ሲሞት እናቴ ጊታሩን ይዘሽ ሂጂ አላለችኝም። አንድ ቀን ሳልነግራት መጥቼ በሩን ገፋ ሳደርግ፣ እሷ መደቡ ላይ ተቀምጣ ጊታሩን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ቀዳዳው ላይ አጎንብሳ በዚያ ዝቅ ባለ ድምጿ ታወራ ነበር። ቃሉን አልሰማሁም። በሩን ቀስ ብዬ መልሼ ግቢ ውስጥ ቆየሁ፤ ስትወጣ አየችኝና «መቼ መጣሽ?» አለች። «አሁን ገና» አልኳት።

እሷም ከሄደች ሦስት ዓመት ሞላት። ጊታሩ እኔ ጋ ነው፤ አንገቱ ትንሽ ጎብጧል፣ አጥንቱ ቢጫ ሆኗል፣ ድምፁ ግን ደህና ነው። ያን ቀን ምን ትለው እንደነበር ሳልጠይቃት ቀረሁ።