የማንጫው ጉልበትና የጋሼ እጅ

በንጉሡ ዘመን፣ ትምህርቴን እንደጨረስኩ፣ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ተቀጠርኩ። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ነበርን፦ እኔ፣ ብዙ ዓመት የሠራ አንድ የሐረር ሰውና ሁላችንም «ሙሴ» የምንለው ፈረንጅ ኬሚስት። የሐረሩን ሰው ጋሼ እያልኩ «አንተ» እለዋለሁ። ድሬ ላይ «እርስዎ» ያሉት ሰው የተጣሉት ይመስለዋል።

ሥራችን ጨርቅ የሚያነጣውን ማንጫ መፈተሽ ነው። ጠዋት ጠዋት እያንዳንዳችን ማንጫ በብርጭቆ እንቀዳና ከትንሽ ጣት የማትበልጥ ነጭ ማማሰያ እንከትበታለን። ብርጭቆው የተቀመጠበት ማሽን ውስጥ ማግኔት ሲዞር ማማሰያዋም አብራ ትሽከረከራለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ማንጫው ምን ያህል ጉልበት እንደቀረው እንለካለን። የጋሼ ሁልጊዜ እንደ ጎረምሳ ነው። የእኔ ሞቶ ይገኛል።

«ወላሂ እጅሽ ነው» ይላል ጋሼ። «ዓይንሽንም እፈራዋለሁ። መድኃኒቱን በላሽው እኮ አቦ!»

ሙሴ ደግሞ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም። «አንተ አላጠበም! እንደዚህ ከሆነ፣ አንተ ማሸጊያ ክፍል ይሄዳል!» አለኝ አንድ ቀን።

ማሸጊያ ክፍል ማለት በዚያ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ቆሞ ጣቃ መጠቅለል ነው። ተደብቄ አለቀስኩ። ከዚያ ማማሰያዬን በሳሙና ፈተግኳት። ስፈትጋት ነጩ ልባሷ ላይ ጭረት አየሁ፤ ጭረቱ ውስጥ አልለቅ ያለ ጥቁር ነጥብ አለ። የጋሼ ማማሰያ አዲስ ናት፣ ጭረት የላትም። ምክንያቱን አላወቅኩም፤ ተንኮል ግን መጣልኝ።

በማግስቱ ቀድሜ ገባሁና ማማሰያዎቹን ለዋወጥኳቸው።

ጋሼ ለካ። መነጽሩን ጠረገና እንደገና ለካ።

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«ምንም።»

የእኔ ማንጫ ያን ቀን ጎረመሰ። በሁለተኛው ቀን ጋሼ እጁን እስከ ክርኑ ሦስት ጊዜ ታጠበ፤ ማንጫው ሞተ። በሦስተኛው ቀን ጣቱን ቀሰረብኝ፦ «ከአንቺ ተጋባብኝ! ወደ ጠረጴዛዬ እንዳትቀርቢ!» ሳቄን ለማፈን ከንፈሬን ነከስኩ።

ይሄኔ ሙሴ ገባ። ውጤቱን አየና «አንተም አላጠበም! አንተም ማሸጊያ ክፍል!» ብሎ ጋሼ ላይ ጮኸ። ጋሼ አመድ መሰለ። የአምስት ልጆች አባት ነው። ሳቄ ጠፋ።

«ጋሼ፣ እጅህ ደህና ነው» አልኩ። «ማማሰያዎቻችንን ለዋውጬያቸው ነው።»

ሙሴ ሁለቱን ማማሰያዎች ተቀብሎ ውሃ ያልገባው ኃይለኛ ማንጫ ውስጥ ለየብቻ ከተታቸው። አዲሷ ዝም አለች። የእኔዋ አሁን እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ እየደፈቀች ተንቸፈቸፈች።

«ይህን ማን ሰጠ?»

«አንተ ነህ ሙሴ። ስቀጠር ከጠረጴዛህ አንስተህ ነው የሰጠኸኝ።»

ሙሴ የጣቶቹን ጫፍ ተመለከተ። ጠቁረዋል። የጉድጓድ ውሃ ጨው እንዳለው የሚፈትሸው ከብር ማዕድን በተሠራ ኬሚካል ነው፤ ኬሚካሉ የነካውን ሁሉ ያጠቁራል። ማማሰያዬ ቀድሞ ለዚሁ የውሃ ምርመራ ታገለግል ስለነበር፣ ጭረቱ ውስጥ የቀረው በጣም የደቀቀ የብር ብናኝ እንደሆነ አስረዳን። ብናኙ ራሱ ሳያልቅ ማንጫውን ይጨርሳል፤ ይህ ካታሊስት ይባላል አለን።

ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ሙሴ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አንተ አላጠበም።»

ሙሴ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ሳቀ። የተጫሩት ማማሰያዎች በሙሉ ተጣሉ፤ ለውሃ ምርመራው የራሱ ማማሰያ ተለየለት። ማሸጊያ ክፍል የሄደም የለም።

ጋሼ ግን ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ዛፍ ጥላ ሥር ጠራኝና ሁለት ሳምቡሳ ይዞ ትልቁን ሰጠኝ። ታረቅን ብዬ ደስ ብሎኝ ጎመጥኩት። ሥጋ የሚባል የለበትም፤ ከዳር እስከ ዳር ቃሪያ ነው። እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል ጋሼ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አሁን ተካካስን» አለና ሁለተኛውን ሳምቡሳ ዘረጋልኝ። እያየሁት ፈራሁ፤ ግን ተቀበልኩት። ያኛው ሥጋ ነበረው።