የአሰለፈች ተራ

«ሐዘንተኛን አታስቸግሩት፣ ይረፍበት» ይባላል። ስህተት ነው። ይህን ያወቅኩት ከመጽሐፍ አይደለም። በደርግ ዘመን፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ሳለሁ ከደረሰብኝ ነው። ዛሬም ሳስታውሰው እናደዳለሁ፤ ደግሞም ደስ ይለኛል።

ባለቤቴ አሰለፈች በወባ ሞተች። አርባዋ ሳይወጣ እትዬ ድንቅነሽ መጡ። የሴቶቹ የማርያም ጽዋ ማኅበር መሪ ናቸው። ቁጭ እንኳ ሳይሉ፣ «የዚህ ወር ድግስ ተራ የአሰለፈች ነው» አሉኝ።

«እትዬ፣ አሰለፈች እኮ ሞታለች።»

«ያጠብኳት እኔ አይደለሁም እንዴ? ወይ ትደግሳለህ፣ ወይ ስሟ ከማኅበሩ ይወጣል።»

እግዜርን ካኮረፍኩ ሰንብቻለሁ። ማኅበር ደግሞ ያኔ ካድሬ ዓይን ውስጥ ያስገባል። ስሟ ሲሰረዝ ግን ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። እየተራገምኩ ጠላ ጠመቅኩ። የአዋሽ ሙቀት ኮምጣጤ አደረገው።

ጎረቤቴ ሰይድ፣ ከወሎ የመጣ ባለሱቅ፣ በአፍንጫው አሸተተና፣ «ጸሐፊው፣ አላህ ያጽናህ። ይህን ግን ለባቡሩ አጠጣው» አለኝ። ሚስቱ አንድ እንስራ ብርዝ በጥብጣ ላከችልኝ።

በሃያ አንድ፣ በማርያም ዕለት፣ ማኅበርተኞቹ መጡ። ቄሱ ጽዋው ውስጥ ያለውን ብርዝ ከየት መጣ ሳይሉ ባረኩ። ዳቦዬ ከሥሩ አሯል፣ መሐሉ ሊጥ ነው። እትዬ ድንቅነሽ ቆርሰው አዩትና፣ «አሰለፈች ‹ባሌ ያላነበበው መጽሐፍ የለም፣ እሳት መጠበቅ ግን አልተማረም› ትለን ነበር» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔም ሳቅኩ። ወዲያው በራሴ ተናደድኩ።

ቄሱ ጸሎቱን ሲጨርሱ፣ «አሰለፈች ቀድማ ተሳፈረች እንጂ አልጠፋችም። በትንሣኤ እንገናኛለን» አሉ። ለባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ስለ መሳፈር ይሰብካሉ። ባቡር ቃሉን እንደማያከብር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን አመንኳቸው። ለምን እንዳመንኩ እስከ ዛሬ ማስረዳት አልችልም፤ ያውም ዛሬ በጋዜጣ ስለ ሁሉ ነገር አስተያየት የምጽፍ ሰው ሆኜ።

በመጨረሻ እትዬ ድንቅነሽ ጽዋውን አስታቅፈው፣ ለቀጣይዋ ተረኛ ቤቷ ድረስ እንዳደርስ አዘዙኝ። በጠራራ ፀሐይ፣ በጭነት መኪና ሾፌሮች ፊት፣ እየተሸማቀቅኩ ዋናውን መንገድ ተሻገርኩ። ማዶ ስደርስ እያንጎራጎርኩ ነበር፤ አሰለፈች እሑድ እሑድ የምትዘምረውን።

ዛሬም በእሷ ተራ እደግሳለሁ። ዳቦው ዛሬም ያራል።

ሐዘንተኛ ጎረቤት ካላችሁ፣ ተራውን አትዝለሉት።