የጎጆዎቹ ግብር

ግቢያችን ከተማ ውስጥ የገባው እኛ ከቦታችን ሳንነቃነቅ ነው። ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከወረታ ውጭ፣ በሩዝ ማሳ መካከል ነበር። የከተማው ወሰን በየጊዜው እየተጠጋ መጣና እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት አጥራችንን አልፎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እንደ ማንኛውም የከተማ ሰው የቤትና የቦታ ግብር ከፋይ ሆንን።

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። የሚያገለግሉበት ደብር ከቤታችን ብዙ አይርቅም። ቅጥሩ ጠባብ ስለሆነ ግን ተማሪዎቻቸው ጎጆ የቀለሱት እኛ ግቢ፣ ከላሚቱ በረት ጀርባ ነው። ሰባት ጎጆዎች ናቸው። ግድግዳቸው ጭቃ፣ ክዳናቸው ሰንበሌጥ ነው፤ ሰንበሌጥ ሲጠፋ የሩዝ ገለባ ይደባለቅበታል። እያንዳንዱ ጎጆ ጎንበስ ብለው የሚገቡበት አንድ በር አለው። ተማሪዎቹ ከስማዳም፣ ከእብናትም፣ ከዓባይ ማዶ ከጎጃምም የመጡ ናቸው። አንዱ ተምሮ ሲሄድ ሌላው በእግሩ ይተካል። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ጎጆዎቹ ባዶ ሆነው አይቼ አላውቅም።

ለግብር ቤት የሚለኩት ሰዎች የመጡት ለአጭር እረፍት ከዩኒቨርሲቲ በመጣሁበት ሳምንት ነበር። አንድ ወጣት ሰው ሜትር ይዟል፤ አብራው ያለችው ሴት ትጽፋለች። አባቴ እንግዳ መጣ ሲባሉ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ወጡ። እናቴ እርጎ አቀረበች። ትልቁ ቤት ተለካ፤ ማድ ቤቱ ተለካ። ሰዎቹ አመስግነው ሊወጡ ሲሉ አባቴ፣

«ምነው፣ ልጆቼን ሳታዩ?» አሉና ወደ ጓሮ መሯቸው።

በየጎጆው ደጃፍ እየቆሙ፣ «ና ውጣ፣ እንግዶቹን እጅ ንሳ» እያሉ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ አስወጧቸው። ልጆቹን ለዘመድ የሚያሳይ አባት ይመስሉ ነበር።

«ሁሉም እዚሁ ነው የሚያድሩት?» አለች ሴትዮዋ።

«ኧረ የት ሊያድሩልኝ! ደግሞ ከባሕር ዛፉ ሥር አንዲት አለች፤ እሷን እንዳትዘልሏት። ጎበዙ እዚያ ነው ያለው።»

ሜትር የያዘው ሰው ሳቅ አለ። ሴትዮዋ ጻፈች። እናቴ ነገሩ ደስ አላላትም፤ ግን በእንግዳ ፊት ባሏን የምታርም ሴት ስላልሆነች የእርጎውን ቅል ይዛ ወደ ማድ ቤት ገባች።

በሐምሌ ለክረምቱ ስመለስ የግብር ማሳወቂያው ደርሶ ነበር። ሰባቱ ጎጆዎች ከቤተሰብ ውጭ የሆነ ሰው የሚኖርባቸው ክፍሎች ተብለው ተመዝግበዋል። እኛ ኪራይ ቤት የምንለው ማለት ነው። የተጠየቅነው ግብር ካምናው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ግብራችንን ሁልጊዜ የምትከፍለው እናቴ ናት፤ የምትከፍለውም ከላሚቱ ወተት ነው። ማሳወቂያውን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝና እጥፍ አድርጋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

«ላሚቱን ሸጬ የዘንድሮውን ልክፈል» አለች ለአባቴ። «የከርሞውንስ ምኔን ሸጬ ነው የምከፍለው? መሪጌታ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። ወይ ላሚቱ ትሂድ፣ ወይ ጎጆዎቹ ይፍረሱ።»

ውጭ ዝናብ ይጥላል። ከጓሮ የተማሪዎቹ ዜማ ይሰማል። በዚያ ክረምት ጎጆ ማፍረስ ማለት ልጆቹን ጭቃ ላይ ማውጣት እንደሆነ ሦስታችንም እናውቅ ነበር። በዙሪያችን ያለው ማሳ ውሃ የተኛበት ስለሆነ የሚጠጉበት ደረቅ ቦታ የለም፤ ወደየአገራቸው ቢመለሱ ደግሞ የአባቴ የቅኔ ጉባኤ ያበቃል።

እኔ በማግስቱ ግብር ከሚከፈልበት ጽሕፈት ቤት ሄጄ በሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ቆሜ ገለበጥሁት። አንድ ቤተሰብ ግብሩን እንዲያስቀንስለት የሚችልባቸው መንገዶች አሉ። ልኬቱ ስሕተት ከሆነ ድጋሚ እንዲለካ ይጠየቃል። ቤቱ በእርጅና ወይም በጎርፍ ከተጎዳ ደረጃው ዝቅ እንዲል ይመለከትልኛል ብሎ ባለቤቱ ያመለክታል። የመክፈል አቅም የሌለው ሰው ከቀበሌው ማስረጃ ያመጣል። ኪራይ የማይገኝበት ክፍል ኪራይ ቤት ተብሎ ከተመዘገበም ቅሬታ ለሚሰማው ኮሚቴ በጊዜው ማመልከት ይቻላል። ማታ ይህን ሁሉ ለእናቴ አነበብሁላት።

«ዩኒቨርሲቲው ነው ይህን ያስተማረሽ?»

«አይ እማ፣ ሰሌዳ ላይ ነው ያገኘሁት።»

«እንግዲያ ዩኒቨርሲቲው ይቅርብሽና ሰሌዳው ሥር ተማሪ» አለችኝ። ቢሆንም ማመልከቻውን እንድጽፍ መብራቱን አስጠጋችልኝ።

በነጋታው ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን ነገሩን ሰምቶ መጣ።

«እታለም፣ ወረቀቱን ተዪው» አለኝ። «በሮቹን ንቀሏቸው። በር የሌለው ነገር ክፍል አይባልም። እኔ ከደጅ ያለችውን ክፍሌን የዶሮ ቤት ናት ብዬ ነው ያስቀነስሁ።»

«ዶሮዎቹስ የታሉ አላሉህም?» አለች እናቴ።

«አሉኝ እንጂ። ፋሲካ አለፈ እኮ አልኋቸው።»

እናቴ ሳቀች። ባሕር ዛፉ ሥር የሚኖረው ተማሪ ውሃ ቀድቶ ሲገባ ይሰማ ነበርና፣ «የኔታ፣ በረት ነው ይበሏቸው። ሰዎቹ ሲመጡ ሣር ይዘን እንጠብቃቸዋለን» አለ።

አባቴ ብቻ አልሳቁም። «ሰው የሚያድርበትን ቤት በረት አልልም» አሉ። «አንተም ከብት አይደለህም። ውሃውን አስቀምጥና ሂድ፣ ቅኔህን ቁጠር።»

ስለዚህ የቀረን መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ጎጆዎቹ ኪራይ እንደማያስገኙ ማስረዳት። ማመልከቻውን ሦስት ጊዜ ገለበጥሁት። ተማሪዎቹ ለምነው የሚበሉ መሆናቸውን፣ ለመኖሪያቸው ገንዘብ ከፍለው እንደማያውቁ፣ ጎረቤትም እንደሚመሰክር ጻፍሁ። ለጉዳዩ በተቀጠረልን ቀን ሦስታችንም በጎረቤታችን ባጃጅ ስንሄድ አባቴን በመንገድ ላይ አስጠናኋቸው። ተማሪዎቻቸውን እንደሚያስጠኑት ማለት ነው።

«አባባ፣ የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ። ኪራይ ይቀበላሉ ካሉዎት፣ አልቀበልም ይበሉ። ከዚያ በላይ አይጨምሩ።»

«እውነቱ እሱ አይደለም ወይ? ምን እጨምራለሁ?» አሉኝ።

ከኮሚቴው ፊት ወንበር ሰጧቸው። ሰብሳቢው መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ነው። ከጎኑ ጠና ያሉ ሴት ተቀምጠዋል፤ ፋይል የሚያገላብጡት እሳቸው ናቸው። ሰብሳቢው ማመልከቻዬን ጮክ ብሎ አነበበ። በጥሩ ሁኔታ እንደተጻፈ ሲናገር ደስ አለኝ፤ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

«አባታችን፣ ከተማሪዎቹ ኪራይ ይቀበላሉ?»

«አልቀበልም።»

«ገንዘብ አይሰጡዎትም?»

«እነሱ ገንዘብ ከየት ያመጣሉ?»

«ምንም አይሰጡዎትም ማለት ነው?»

እኔ አባቴን በዓይኔ ለመንኋቸው። እሳቸው ወለሉን ነበር የሚያዩት።

«ምንም እንዳልል፣ ውሃ ይቀዱልኛል» አሉ። «እንጨት ይለቅሙልኛል። ክረምት ሲሆን ጎርፉ ቤታችን እንዳይገባ ቦይ ይከፍቱልናል። በበዓል ለምነው ካገኙት ለኔም ያካፍሉኛል። ባለፈው ታምሜ ተኝቼ፣ እየተፈራረቁ ሲያድሩ ከርመዋል።»

ሰብሳቢው ብዕሩን አስቀመጠ። «አባታችን፣ እኔ ልጎዳዎት አልፈልግም። ነገር ግን መመሪያው ገንዘብ ብቻ አይልም። አገልግሎትም ክፍያ ነው ይላል። በራስዎ አንደበት ነገሩኝ።»

ብድግ ብዬ፣ «ተማሪ ለመምህሩ ውሃ መቅዳቱ ሥርዓት ነው እንጂ ኪራይ አይደለም» አልሁ።

«አንቺ ተማሪ ነሽ፤ ለመምህርሽ ውሃ ትቀጃለሽ?»

አልቀዳም፤ የብዙዎቹን መምህሮቼን ቤት እንኳ አላውቅም። ተቀመጥሁ።

ይህኔ ጠና ያሉት ሴት ፋይሉን ዘጉት። «መንገድ አለ» አሉ። «ቤተ ክርስቲያን የምትይዘው የአብነት ትምህርት ቤት በዚህ ግብር አይጠየቅም። ጎጆዎቹ ያሉበት ቦታ የደብሩ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ነገር ግን ቦታው በእናንተ ስም ነው። ለደብሩ በስጦታ ብታዛውሩት ግብራችሁ ወደ መኖሪያ ቤታችሁ ብቻ ይመለሳል። አስቡበት፤ ከሰጣችሁ በኋላ የእናንተ አይደለም።»

አባቴ ወደ እናቴ ዞሩ። የይዞታው ግማሽ የእሷ ነው፤ ያለ እሷ ፊርማ አንድ ክንድ መሬት አይንቀሳቀስም። እኔም ያንን ቦታ ለምን እንዳቆየችው አውቃለሁ። ተመርቄ ሥራ ስይዝ፣ ተማሪዎቹ ሲቀንሱ፣ ሁለት ክፍል ቤት ልትሠራልኝ ነበር። ከማንም ጋር ስታወራ፣ «ልጄ አጠገቤ ትሆናለች» ትል ነበር። በመንገድ ዳር ያለው ቦታ ሁሉ ተይዞ ባለቀበት በዚህ ጊዜ ለአንዲት ሴት ልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ትተውላታለች? በበኩሌ፣ ወይ ላሚቱ ትሂድ፣ ወይ ጎጆዎቹ ይፍረሱ ስትል የሰማኋት ስለሆነ እንደማትስማማ እርግጠኛ ነበርሁ።

እናቴ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ለሰብሳቢው ተናገረች።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰጥተን ስናበቃ፣ አያድርገውና እኝህ ሰው ቢሞቱ፣ ልጆቹን ውጡ የሚላቸው አለ?»

«የደብሩ ከሆነ የለም፤ ሌላ መምህር ይመጣላቸዋል።»

«እኔ ባወጣቸውስ? ሰው ቢያስቸግረኝ፣ ቢቸግረኝ?»

«እርስዎም አይችሉም፣ እናቴ።»

እናቴ ወደ እኔ ተመለከተች። ምንም አልጠየቀችኝም፤ እኔ ግን ራሴን በእሺታ ነቀነቅሁ። እሺ ያልሁት ገብቶኝ ነው ወይስ እሷን ደስ ለማሰኘት፣ እስካሁን ለይቼ አላውቀውም። እሷ ግን የፈለገችውን አግኝታለች። ስንት ሌሊት ያንን ቀን ስታስብ እንዳደረች ያኔ ነው የገባኝ። አባቴ ሲሞቱ ብቻዋን እንደምትቀርና ያኔ ግብሩ ሲከብዳት ልጆቹን በገዛ እጇ እንዳታስወጣ ነበር የፈራችው።

«እንግዲያ ጣቴን የት ላድርግ?» አለች።

ከጽሕፈት ቤቱ ስንወጣ ሁልጊዜ ከፊት የሚሄዱት አባቴ ቆመው እሷ እንድትቀድም ጠበቁ።

«ምነው መሪጌታ፣ መንገዱ ጠፋዎት?» አለቻቸው።

«አይ፣ ጭቃ ነው። አንቺ እለፊ።»

የደብሩ አስተዳዳሪ ስጦታውን ተቀበሉ፤ ወረቀቱም አለቀ። ዝናቡ ጋብ ሲል ሜትር የያዘው ወጣት ዳግመኛ መጣ። በዚህ ጊዜ ችካል ነበር የሚተክለው። ተማሪዎቹ ራሳቸው ጉድጓድ ቆፍረው፣ እንጨት አቁመው፣ በበረቱና በጎጆዎቹ መካከል አጥር ሠሩ። እናቴ የመለኪያው ገመድ በሄደበት ሁሉ አብራ ሄደች። ጥጃው የሚታሰርበት ጥግ ወደ ማዶ ሲቀር ወጣቱ፣ «እማማ፣ ችካሉን ትንሽ ልመልስልዎት?» አላት። «በልኩ ይሁን፤ ደግሞ ሌላ ጊዜ ልትለካን ልትመጣ ነው?» አለችው። የተስተካከለው የግብር ማሳወቂያ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደረሰን። ላሚቱ የምትችለው ነው።

እኔ ወደ ትምህርቴ ከመመለሴ በፊት ባለው ጠዋት አባቴ እንደ ልማዳቸው ከጎጆዎቹ መካከል ወደሚያስተምሩበት ጉባኤ ሄዱ። ተማሪዎቹ ከአጥሩ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ትተውላቸዋል። በፊት በዚያ በኩል ሲያልፉ ቀና ብለው የሚያዩትም ነገር አልነበረም፤ የገዛ ጓሯቸው ነው። ያን ዕለት ግን ክፍተቱ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ፤ መቋሚያቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና፣ ወደ ሰው ግቢ የሚገባ እንግዳ እንደሚያደርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተጣሩ።

«ቤቶች!»

ከጎጆዎቹ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ባሕር ዛፉ ሥር የሚኖረው ተማሪ በጠባቡ በር ጎንበስ ብሎ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከትለውት ወጡና በየደጃቸው ቆሙ።

«ይግቡ፣ የኔታ» አለ።

አባቴም ገቡ።