ምሰሶ የረሳችው አርክቴክት

የልጅ ልጄ ፉአቲኖ በዋና ከተማችን በአፒያ የተከበረች አርክቴክት ናት። መንደራችን ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ምሰሶ የረሳችው» ሲላት ኖረ።

ከኦክላንድ ተምራ እንደተመለሰች፣ የሹሞቹን የመሰብሰቢያ ቤት ንደፊ ተባለች። ነደፈች። ዙሪያውን መስታወት፣ አንድም ምሰሶ የሌለው። ሹሞቹ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። አፈ ጉባኤው ቱአላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንቺ ልጅ፣ የኔ ምሰሶ የታለ?»

«አያስፈልግም አባባ፤ ጣሪያውን ብረት ይሸከመዋል።»

«ጣሪያውንስ ይሸከመው። እኔን ማን ይደግፈኝ?»

እኛ ዘንድ እያንዳንዱ ሹም ጀርባውን የሚያስደግፍበት የራሱ ምሰሶ አለው፤ ምሰሶውን ነሣኸው ማለት ማዕረጉን ነሣኸው ማለት ነው። ፉአቲኖ ይህን እያየች ነው ያደገችው፤ እርሳስ ስትይዝ ጠፋባት። ወረቀቷ ተጠቅልሎ ተመለሰላት። አኩርፋ ከተማ ገባች።

እዚያ ለመንግሥት መንገድ ስታሰምር አሥር ዓመት ቆየች። መስመሯ፣ እንደ ልማዳችን ቤተሰብ ደጁ ላይ ባኖረው መቃብር ላይ ካረፈ፣ ሄዳ ከቤተሰቡ ጋር ምንጣፍ ላይ ትቀመጣለች፤ የተቀበረው ማን እንደነበር ሳይነግሯት አትነሳም። ከዚያ መንገዱን ታጣምመዋለች። አለቃዋ «ይህን ያሰመረው ሰካራም ነው?» ይላት ነበር። ኋላም ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነች።

አምና ዐውሎ ነፋስ አሮጌውን የመሰብሰቢያ ቤት ወሰደው። ሹሞቹ ከሌላ ደሴት አርክቴክት ሊያስመጡ መከሩ። ፉአቲኖ ደወለችልኝ።

«አያቴ፣ ይህን ቤት ሌላ ሰው ከሠራው መንደሬን በምን ዓይኔ አየዋለሁ? አንድ ጠዋት ብቻ ለምኚልኝ።»

ለመንኩላት። ተማሪዎቿን አስከትላ መጣች።

«ወረቀትሽስ?» አላት ቱአላ።

«ዛሬ ወረቀት የለም። እባካችሁ ባዶው መሬት ላይ ቦታ ቦታችሁን ያዙልኝ።»

ተቀመጡ። ተማሪዎቹ ከየሹሙ ጀርባ ካስማ መቸከል ጀመሩ። ቱአላ ተራው ሳይደርስ፣ ያየው ሰው የሌለ መስሎት፣ ለትልቁ ሹም መቅረብ ክብር ነውና ወደዚያ ወገን በቂጡ ተንፏቀቀ።

«አባባ፣ ምሰሶዎ እየተራመደ ነው» አለችው ፉአቲኖ።

«ነፋሱ ነው!»

«ወፍራም ነፋስ!» አለች ሚስቱ ከዳር ሆና። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

ሲለካ የቱአላና የትልቁ ሹም ካስማዎች ከልክ በላይ ተቀራርበው ተገኙ።

«መምህር፣ ይሄ ከሒሳቡ ጋር አይሄድም» አለች አንዷ ተማሪ።

«ሒሳቡን አስተካክይዋ! አባባን ልንቀላቸው?»

ቱአላ ካስማውን በጀርባው ገፋ ገፋ አድርጎ ሞከረው። 

«ጠንካራ እንጨት አድርጊው» አላት በመጨረሻ። «እኔ ቀላል ሰው አይደለሁም።»

ፉአቲኖ ካስማ የምትፈትሽ መስላ ጎንበስ አለች። እኔ ግን ዓይኗ እንባ ማዘሉን አየሁ።