በፍቃዱ ሄድፎን ሲመርጥ

በፍቃዱ ዲላ ተቀምጦ ለአንድ ቡና ላኪ ድርጅት የመስክ ተቆጣጣሪ ሆኖ ይሠራል። ሥራው ጠዋት ተነሥቶ ወርቃ የሚባል ገጠር መሄድ፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያው ውስጥ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና እየተዘዋወረ ማየትና ያየውን አዲስ አበባ ላሉት አለቃው ለወይዘሮ መነን በስልክ መናገር ነው። መናገሩን ይወደዋል። መሄዱን ግን በሦስተኛው ዓመት ጠላው። አቧራው ይሰለቸዋል፣ መጨናነቁ ይሰለቸዋል፣ ሾፌሮቹ የሚከፍቱት ዘፈን ደግሞ ጭራሽ ያሳምመዋል። ጆሮዬ ስስ ነው ይላል።

ስለዚህ ሄድፎን ለመግዛት ወሰነ። ለሌላ ሰው አንድ ከሰዓት በኋላ በቂ ነበር፤ በፍቃዱ አራት ወር ፈጀበት። ማታ ማታ ዩቲዩብ ላይ የፈረንጆቹን ንጽጽር ያያል፣ ቀን ቀን ደግሞ ያየውን ለባልደረቦቹ ያስተምራል። «ሦስት ነገር ማሟላት አለበት» ይላቸዋል፣ ማኪያቷቸው እየቀዘቀዘ። «ለመንገድ የሚታጠፍ፣ ለሙዚቃ የጠራ፣ ለስልክ ደግሞ ድምፅ የሚከለክል።» አንዱ ከኪሱ ባለ ሽቦ ኤርፎኑን አውጥቶ ሲያሳየው እንደ ሐኪም አየውና «ይሄን እያደረግህ ነው እስካሁን የኖርከው?» አለው።

ገበያው አጠገብ የስልክ ዕቃ የምትሸጠው ሀዲጃ ሱቁን ከአባቷ ስትረከብ ትዕግሥቱንም አብራ የተረከበች ሴት ናት። በፍቃዱ ሲመላለስባት አንድም ቀን ፊቷን አላጠቆረችም። ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ሲሞክር ባቄላ የገባበት መሰለው። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው አሳከከው። ትልቁ፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው፣ ተስማማው፤ ግን መነጽሩን ተጫነው።

«መነጽሩን አውልቀው ይሞክሩት» አለችው።

«መነጽሬን ካወለቅኩ በምን አያለሁ?»

«የሚሰሙበት ዕቃ መስሎኝ ነበር የሚፈልጉት» አለችና ሌላ ደንበኛ ልታስተናግድ ዞረች።

በመጨረሻ፣ መንገድ ላይ ሳልሞክረው አልገዛም አለ። መታወቂያውን ትቶ፣ ሄድፎኑን አጥልቆ በባጃጅ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ደርሶ ተመለሰ። ባጃጁን የሚነዳው ለሚ ተከትሎት ሱቅ ገባ።

«ሂሳብ ብዬ ሦስቴ ጠራሁት፤ ዞር ብሎም አላየኝ» አለ ለሀዲጃ።

በፍቃዱ ግን ፊቱ በራ። «አየሽ? ምንም አልሰማሁም። ይሄንን ነው የምፈልገው» አለና ከፈለ። ከፍሎም መልሶ ጆሮው ላይ አጠለቀው። ሀዲጃ የቻርጀሩን ገመድ ካርቶን ውስጥ እያስተካከለች፣ «ድምፅ የሚከለክለው ለእርስዎ ጆሮ ብቻ ነው። የሚደውልልዎት ሰው ዙሪያዎ ያለውን ሁሉ ይሰማል» ብላ አስረዳችው። እሱም ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ቃሉን ግን አልሰማውም።

በማግስቱ አርፍዶ ተነሣ። አራት ሰዓት ላይ መናኸሪያው ውስጥ ቆሞ የወርቃ መኪና ሲጠብቅ ወይዘሮ መነን ደወሉ። ረዳቶች ይጮኻሉ፣ ሲኖትራክ ወደ ኋላ እየሄደ ይጮኻል፤ በበፍቃዱ ጆሮ ግን ቤተ መጻሕፍት የገባ ያህል ጸጥ ብሏል። እሱ ካልሰማ እሳቸውም እንደማይሰሙ አልተጠራጠረም።

«የት ደረስክ?»

«ወርቃ ነኝ። አልጋው አጠገብ ቆሜ ቡናውን ሲያገላብጡ እያየሁ ነው።»

ወይዘሮ መነን «ጥሩ» አሉና ዘጉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወርቃ የሚሄደው በሳምንት አንዴ ሆነ። የቀረውን ቀን ጣቢያውን ከጁስ ቤት፣ ከካፌ፣ ከፑል ቤት ሆኖ ይቆጣጠር ጀመር። ወይዘሮ መነን በየቀኑ ይደውላሉ፣ በትሕትና ይጠይቃሉ፣ ስለ አዲሱ ሄድፎኑ የሚሰጣቸውንም ትምህርት ያዳምጣሉ። «ሰው በዝቷል?» ይሉታል። «ኧረ ጸጥ ያለ ነው፤ የወፍ ድምፅ ብቻ ነው» ይላቸዋል፣ አጠገቡ አቮካዶ እየተፈጨ። አንድ ቀን ስለ ቡናው እርጥበት እያብራራ ሳለ አስተናጋጇ ፉሉ እንቁላል ይጨመርበት እንደሆነ ጠየቀችው። አልሰማትም። ወይዘሮ መነን ግን ሰሙ።

በሦስተኛው ሳምንት ፀጉር ቤት ተቀምጦ ሳለ ደወሉ። ፀጉር አስተካካዩ የሄድፎኑን ጠርዝ ገፋ እያደረገ ማጅራቱን ይላጨዋል። በፍቃዱም የተለመደውን ሪፖርት ጀመረ።

«በፍቃዱ» አሉት ረጋ ብለው። «ጆሮህ ላይ ያለውን ነገር አውልቀው።»

«አቤት?»

«አውልቀውና የምትሰማውን ንገረኝ።»

አወለቀው። የመላጫው ማሽን ያጓራል። ሬዲዮው ኳስ ያስተላልፋል። ከውጭ ረዳቱ «ሐዋሳ የሞላ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» ይላል። በፍቃዱ ይህን ሁሉ ድምፅ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወደ አዲስ አበባ ሲልክ እንደኖረ አሁን ገባው። ላብ አጠመቀው። «ኔትወርኩ ነው» አለ።

«ኔትወርኩማ በጣም ጥሩ ነው» አሉት። «ዝም ያልኩህ እስከ የት እንደምትሄድ ለማየት ነው። ከሰኞ ጀምሮ ኑሮህ ወርቃ ይሁን። አዝመራው እስኪያልቅ እዚያው ትቀመጣለህ።»

በፍቃዱ ግማሽ የተላጨ ማጅራቱን ይዞ በቀጥታ ወደ ሀዲጃ ሄደ። «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ነግሬዎታለሁ። እርስዎም ራስዎን ነቀነቁልኝ።»

«ታዲያ ጆሮዬ ላይ አልነበረም እንዴ?»

«ነበረ» አለች፣ ለመከራከርም አልፈለገች። ልመልሰው ሲላት፣ የተላበበት ዕቃ አይመለስም አለችው።

አሁን በፍቃዱ ወርቃ፣ ከጣቢያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ቡናውን የሚፈለፍለው ማሽን ልክ መስኮቱ ሥር ስለሆነ ሄድፎኑ እንዳሰበው ጥሩ ያገለግለዋል። ለእያንዳንዱ ጎብኚ አሁንም ስለ አመራረጥ ምክር ይሰጣል፤ ሦስቱ መስፈርቶች ላይ አራተኛ ጨምሮባቸዋል፣ ማይኩን ማጣራት። ሪፖርት ሲያቀርብ ግን ወይዘሮ መነን ገና ከሰላምታው ያቋርጡታል።

«እስኪ መጀመሪያ ስልኩን ወደ ማሽኑ አስጠጋው» ይሉታል። ያስጠጋዋል። ደህና አድርገው ካዳመጡ በኋላ፣ «በል አሁን ቀጥል» ይሉታል።